ክሩን ማን ያዘው?

አንድ ፊልም የሦስት የአራት ሰው ኑሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ አጣምሮ ሲያሳየን፣ ለመሆኑ በምን መብቱ ነው የሚያጣምራቸው? ጥያቄው ሲሰሙት የባለሙያ ጥያቄ ይመስላል። «እሱን መቀሱን የያዘው ሰው ይጨነቅበት፤ እኛ ተመልካቾቹ ምን አገባን?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኛ ግን ያገባናል ባዮች ነን። የአንዱን ሰው ሕይወት ከሌላው ሰው ሕይወት አጠገብ ማስቀመጥ፣ «የዚህ መከራ ከዚያ ድሎት ጋር ይህን ያህል ዝምድና አለው» ብሎ መፍረድ ነው። ፈራጁ መቀስ ይያዝ ብዕር፣ ፍርድ ፍርድ ነውና ይግባኝ ሊባልበት ይገባል። ይግባኙን የምናቀርበው ደግሞ ከለገጣፎ ሆነን ነው። ለገጣፎ ከሲኒማ ጋር ምን አገናኛት ለምትሉ፣ እንደርስበታለን።

«ባለ ብዙ ታሪክ ፊልም» ስንል አንድ ጀግና ይዞ ከዳር እስከ ዳር የሚጓዘውን ማለታችን አይደለም። ብዙ ሰዎችን በየመንገዳቸው እያስኬደ አንድ ቦታ ላይ የሚያገናኛቸውን፣ ወይም ሳያገናኛቸው ጎን ለጎን የሚተዋቸውን ማለታችን ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1916 «ኢንቶለራንስ» በተባለው ፊልሙ አራት ታሪኮችን እየቆራረጠ ቀላቅሎ ነበር፦ የባቢሎንን ውድቀት፣ የክርስቶስን ስቅለት፣ በ1572 በፓሪስ የፕሮቴስታንቶችን ጭፍጨፋ፣ በራሱ ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ሠራተኞችን ኑሮ። በመካከላቸው አንዲት ሴት የሕፃን አልጋ ስትወዘውዝ ትታያለች። ክሯ እሷ ናት። ከዘመን ወደ ዘመን ስንሻገር ሴትየዋ ብቅ እያለች «የሰው ልጅ ጭካኔ በየዘመኑ ያው ነው» ትለናለች። ይሁን ግዴለም። ግን ያው ከሆነ፣ ለምጽዋት የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ የሠራተኞቹን ደመወዝ የቀነሰው ባለ ፋብሪካና ባቢሎንን ያፈረሰው ቂሮስ በአንድ ሚዛን ተቀመጡ ማለት ነው። ሁሉም ጥፋተኛ ከሆነ ማን ይጠየቃል?

የሶቪየቶቹ ሰዎች ነገሩን በጥናት ሊይዙት ሞከሩ። ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ጋር አቀጣጥሎ ቢያሳይ፣ ተመልካቹ በፊቱ ላይ ረኃብ፣ ኀዘንና ምኞት አነበበ ይባላል። ፊቱ እኮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ሰርጌይ አይዘንስታይን ደግሞ ሁለት ምስሎች ሲጋጩ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል አለ፤ ሞንታዥ የሚባለው ይኸው ነው። «ስትራይክ» በተባለው የ1925 ፊልሙ ሠራተኞች በወታደር ሲጨፈጨፉና በሬ ሲታረድ እያፈራረቀ አሳየ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ብዙም እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ፣ በቅኔ ወርቁን ቆፍሮ የሚያወጣው ሰሚው ሲሆን፣ አይዘንስታይን ወርቁን ራሱ አውጥቶ መዳፋችን ላይ ያስቀምጥልናል። ደግሞም ጨምቁ ይለናል።

ወደኛ ዘመን ስንመጣ ክሩ ግጭት ሆነ። ሜክሲኳዊው ኢኛሪቱ እ.ኤ.አ. በ2000 «አሞሬስ ፔሮስ»ን ሲሠራ፣ የሜክሲኮ ከተማን ሦስት ታሪኮች በአንድ የመኪና አደጋ አቆራኛቸው። በ2004 የፖል ሃጊስ «ክራሽ» መጣ፤ ስሙም ግጭት ነው። በ2006 ኢኛሪቱ ራሱ «ባቤል»ን ይዞ ተመለሰ። በዚህኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙዎቻችን ያየነው ስለሆነ ለክርክር ይመቻል።

አንድ ጃፓናዊ አዳኝ ሞሮኮ ውስጥ መንገድ ለመራው ሰው ጠመንጃ ይሰጠዋል። ያ ሰው ለጎረቤቱ ለፍየል አርቢው ይሸጥለታል። አርቢው ቀበሮ እንዲያባርሩበት ለልጆቹ ይሰጣቸዋል። ልጆቹ ጥይቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ሲሞክሩ በአስፋልቱ የሚያልፍ የጎብኚዎች አውቶቡስ ላይ ይተኩሳሉ፤ አንዲት አሜሪካዊት ትቆስላለች። በዚሁ ሳቢያ እዚያ አሜሪካ የሴትዮዋን ልጆች የምታሳድገው ሜክሲኳዊት ሞግዚት፣ የገዛ ልጇ ሠርግ እንዳያመልጣት ሕፃናቱን ይዛ ድንበር ትሻገራለች፤ ስትመለስ በረሃ ላይ ትቀራለች። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ የአዳኙ ልጅ፣ መስማት የተሳናት ወጣት፣ በብቸኝነት ስትሰቃይ እናያለን።

አሠራሩ ድንቅ ነው፤ አንክድም። አዘጋጁ ጊዜውን ለሁሉም አካፍሏል፤ የፍየል አርቢው ልጅ ፊት የአሜሪካዊቷን ፊት ያህል ቀርቦ ይታያል። ታዲያ መጨረሻውን ተመልከቱ። ለአሜሪካዊቷ ሄሊኮፕተር ይመጣላታል፤ ትድናለች። ከሞሮኮዎቹ ወንድማማቾች አንዱ በፖሊስ ጥይት ይወድቃል። ሞግዚቷ ብዙ ዘመን ከሠራችበት አገር ትባረራለች። ጠመንጃው ሁሉንም አገናኘ፤ የሁሉንም ቤት ግን እኩል አላንኳኳም። ፊልሙ ይህን አያውቅም አንልም፤ ያውቃል። ነገር ግን «ለምን?» ብለን እንዳንጠይቅ ጠመንጃው ራሱ መልስ ሆኖ ተቀምጧል። ጠመንጃው ባይሸጥ ኖሮ፣ ልጁ ባይተኩስ ኖሮ፣ ሠርጉ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ… «ኖሮ» እያልን አልቅሰን እንወጣለን። ሞሮኳዊው ልጅ በዚያ ተራራ ላይ ከፍየል ሌላ፣ ሞግዚቷም ከሰው ልጅ ማሳደግ ሌላ እንጀራ ለምን እንዳጡ የጠየቀ የለም። ገጠመኝ ምሕረት አድራጊ ነው፤ ተመልካቹን ጭምር ይምራል።

እንግዲህ የኛ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሰዎችን በገጠመኝ ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ በምክንያት ማገናኘት ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርገው ካዩት ሊቃውንት አንዱ የኛው አገር ሰው መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ተሾመ ገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1939 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ለብዙ ዘመን ሲኒማ ሲያስተምር ኖሮ በ2010 ያረፈ ሰው ነው። በ1982 ስለ «ሦስተኛው ሲኒማ» ያወጣው መጽሐፍ በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ሦስተኛው ሲኒማ የሚለውን ስም በ1969 ያወጡት ሶላናስና ጌቲኖ የተባሉ አርጀንቲናውያን ናቸው፦ የመጀመሪያው የሆሊውድ የንግድ ሲኒማ፣ ሁለተኛው የደራሲው የግል ጥበብ፣ ሦስተኛው ለነፃነት የሚታገለው። ተሾመ ከዚህ ተነሥቶ ጠለቅ ያለ ነገር ተናገረ። ትይዩ ቅንብርን፣ ማለትም ሁለት ቦታ የሚፈጸምን ነገር እያፈራረቁ ማሳየትን፣ ሆሊውድ ልብ ለመስቀል ይጠቀምበታል፤ ይደርስ ይሆን? አይደርስ ይሆን? ያሰኘናል። የሦስተኛው ዓለም ፊልም ግን ባለጋራዎቹን እያፈራረቀ የሚያሳየን ሊጋጩ የተቃረቡበትን ምክንያት እንድናይ ነው፤ ግጭቱ ራሱ ሁለተኛ ነገር ነው። ረጅም ቀረጻና ሰፊ እይታ የሚበዛበትም፣ ሰው ከነቦታው እንጂ ተነጥሎ እንዳይታይ ነው ይላል።

ይህ ትምህርት በሥራ የታየበትን ፊልም ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን እናገኘዋለን። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ በአብዮቱ ዓመት ነው። ያኔ በዚያው በተሾመ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ልክ እንደኛ ተማሪ! አገሩ መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ተዋናይነት ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር፣ ሁለት ሳምንት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቀርጾት ተመለሰ። ፊልሙ በ1976 ወጣ፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም እያልን ለምናማርር ሰዎች ይህ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ እንለፈው።

ታሪኮቹን እንቁጠር። የሰው መሬት የሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ። ከብት የምትጠብቅ በለጠች የምትባል ልጅ አለች። በሪሁን የሚባል ወንድ ልጅ አለ። ከደጃፉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልቁል እያየ የሚያዝ ባለ መሬት አለ። ከበበ የሚባል፣ ለአገሩ ተዋግቶ ሲያበቃ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እብድ የሚለው፣ እውነቱን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች እንዲገናኙ አደጋ አላስፈለጋቸውም፤ ድሮውንም ተገናኝተዋል። ያገናኛቸው መሬቱ ነው። ባለ መሬቱ ከወንበሩ ሆኖ ሲያይ፣ ካሜራው ከእሱ ወደ አራሾቹ የሚወስደው ርቀት ራሱ ታሪክ ነው፤ ያን ርቀት በእግሩ የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ ተቀምጦ የሚያየውም ማን እንደሆነ ዓይናችን ይቆጥረዋል።

በለጠች እንዴት እንደምትሞት አስቡ። ጎርፍ ይመጣል፤ ላም ልታድን ስትል ውኃው ይወስዳታል። ጎርፍ ገጠመኝ ነው፤ የእግዜር ሥራ ነው የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። «ባቤል»ን የሠራ ሰው ቢሆን ጎርፉን ክር ያደርገው ነበር። ግን ልጅቷ ውኃው ውስጥ ለምን ገባች? ላሚቱ ብትጠፋ የሚመጣውን ስለምታውቅ ነው። ያን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ደግሞ እኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አይተነዋል። ጎርፉ በሚወርድበት ሰዓት ባለ መሬቱ በቦታው መገኘት አያስፈልገውም፤ አለ። ይህ ነው እንግዲህ በምክንያት ማስተሳሰር ያልነው። ከበበም በስተመጨረሻ ባለ መሬቱን በዱላ ደብድቦ ሲገድለው አንደነግጥም፤ ደስም አይለንም። ሲመጣ ያየነው ነገር ነው። የሚያስደነግጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ከበበ ራሱን ይሰቅላል። ጉልበቱ በአንድ ዱላ አለቀ፤ መሬቱ እዚያው አለ።

ከመካከላችን አንዱ፣ የሰበታ ልጅ፣ እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አነሣ፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። «በምክንያት ካስተሳሰራችሁ ሰው ማስረጃ ይሆናል» አለን። «በለጠች የጭሰኝነት ማስረጃ፣ ከበበ የቁጣ ማስረጃ። የኢኛሪቱ ልጆች ቢያንስ ይጫወታሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይቀናናሉ፤ ሰው ናቸው።» እውነት አለው። በየስብሰባው የምንሰማው ድርሰት፣ ሰፊው ሕዝብ አንድ አፍ ብቻ ያለው የሚመስልበት፣ የዚህ በሽታ ውጤት ነው። ባኽቲን የተባለው ሩሲያዊ ሐያሲ በ1929 ስለ ዶስቶየቭስኪ ሲጽፍ፣ ትልቅ ድርሰት ማለት ገጸ ባሕርያቱ የደራሲውን ሐሳብ የሚያስተጋቡበት ሳይሆን እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ የሚከራከርበት ነው ያለውም ለዚሁ ነው።

«ምርት»ን ከዚህ ያዳነው ጊዜ ነው እንላለን። ፈረንሳዊው ሐያሲ አንድሬ ባዜን፣ መቀስ ካላጣደፈው ምስል ውስጥ ተመልካቹ ራሱ መርጦ የማየት ነፃነት ያገኛል ይል ነበር። ኃይሌ ገና ሲጀምር የሚያሳየን ንጋትን ነው፤ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ሲጸልይ፣ እሳት ሲያነድድ፣ በሬ ሲጠምድ። ለታሪኩ አካሄድ የዚህ ግማሹ ይበቃ ነበር። ከተሜው ተመልካች ይቁነጠነጣል፤ «ኧረ ይጀመር!» ይላል። ተጀምሯል እኮ! ሴትዮዋ እሳቱን እፍ የምትልበት ጊዜ የሴትዮዋ ነው እንጂ የታሪኩ አይደለም። አዘጋጁ አልቀማትም። ሰው ማስረጃ የሚሆነው ለታሪኩ የሚጠቅመው ደቂቃው ብቻ ተቆርጦ ሲወሰድ ነው፤ የማይጠቅመውም ሲተውለት ሰው ሆኖ ይቀራል። የሰበታው ወንድማችን ይህን ሰምቶ ግማሽ መንገድ መጣልን፤ ግማሹን ገና እየተከራከርን ነው።

ኃይሌ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ጤዛ»ን ሲሠራ ክሩን ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ያገኘ ፊልም ነውና ውዳሴው አልቀረበትም፤ እኛ ወደ ጥያቄያችን እንግባ። አንበርብር ሐኪም ነው። ጀርመን ተምሯል፤ በደርግ ዘመን ተመልሷል፤ ጓደኛው ተስፋዬ ሲገደል አይቷል፤ እንደገና ጀርመን ሄዶ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ፣ ወደ እናቱ ይመለሳል። ያየው ሁሉ በቅዠት እየተቆራረጠ ይመጣበታል። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፦ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ የሚደበቁ ልጆች፣ መንደርተኛው ያገለላት አዛኑ የምትባል ሴት፣ ሁሉንም ችለው የሚኖሩት እናት። ስንት ዘመን፣ ስንት አገር! ሁሉም የሚያልፉት ግን በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነው። ክሩ የምሁሩ ትዝታ ነው።

አሁን በግልጽ እንነጋገር፤ ይህ የኛ ጉዳይ ነው። የተማረ ሰው ቁስል የሌላውን ሁሉ ቁስል ማሰሪያ ክር ሊሆን ይችላል? ኃይሌ ምክንያት አለው። አንበርብር የማያስታውሰው ነገር አለ፤ ትዝታው ቀዳዳ አለው፤ ፊልሙም «እኔ ሁሉን አውቃለሁ» አይልም። ርእሱም ጤዛ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ። ተስፋዬን የሚገድሉት በመፈክር የሰከሩ ወጣቶች ናቸው፤ በዕድሜ እኛን ያህላሉ። ያንን ትዕይንት ሳይሸማቀቅ የሚያይ ተማሪ ካለ እንተዋወቅ። አንበርብር አይቷል፣ መናገር ግዴታው ነው፤ እዚህ ድረስ እንስማማለን።

አዛኑ ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። አዛኑ የራሷ ታሪክ ያላት ሴት ናት፤ ያንን ለመሸከም ከአንበርብር ያነሰ ትከሻ የላትም። ፊልሙ የሚያመጣት ግን ወደ እሱ ነው፤ እየቀረበችው ትሄዳለች፤ መጨረሻ ላይ ልጁን ትወልዳለች። ልደቱ ተስፋ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ይሁን። የማን ተስፋ ነው? ግሪፊዝ ያስቀመጣት አልጋ ወዝዋዥ ሴት ትዝ አለችን፤ የሰው ሁሉ ታሪክ በእሷ በኩል ያልፋል፣ የእሷን የሚነግረን ግን የለም። አዛኑ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን የምታየውን ቅዠት ብናይ ኖሮ፣ «ጤዛ» ከዚህም የበለጠ ፊልም በሆነ ነበር እንላለን። ምሁሩ የሕዝብ ኅሊና ነኝ ሲል ሕዝቡ የእሱ ሕልም ሆኖ ይቀራል፤ ያልተማረው ሁሉ እሱ ሲያስታውሰው ብቻ የሚኖር ይመስላል። ይህ አደጋ የኃይሌ ብቻ አይደለም፤ በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ «ሕዝቡ ይላል» እያልን የምንጽፍ ሁላችንም ደጃፍ ቆሟል።

ወደ «ምርት» አንድ ጊዜ እንመለስና ልጁን በሪሁንን እንከተለው። መጨረሻ ላይ መንደሩን ጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። የት ደረሰ? በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር መሬት ለአራሹ ሲታወጅ እሱ የለም፤ ሄዷል። እንግዲህ ከተማ ዳር ደርሶ እንደሆነ፣ ኋላ ከተማው ራሱ ከዳር ተነሥቶ ወደ እርሻው ሲሄድ አይቷል ማለት ነው። ለገጣፎ የመጣነው በዚህ በኩል ነው።

ለገጣፎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ናት። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው የሚጠጣው ውኃ ከፊሉ ከለገዳዲ ግድብ ይሄድለታል። በቡራዩ በኩልም ገፈርሳ እንዲሁ ነው። እነዚህ ከተሞች፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎቹም፣ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ከዚያ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም. የካቲት፣ በለገጣፎ ለገዳዲ ብዙ ቤቶች በዶዘር ፈረሱ። አስተዳደሩ ሕገ ወጥ ናቸው አለ፤ ነዋሪዎቹ ዓመታት የኖርንበት ቤታችን ነው አሉ። የማን ሕግ ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አንቆርጠውም። እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ነገር ባለ ብዙ ታሪክ ፊልም ቢሆን፣ ክሩ ምን ይሆን ነበር?

ሰዎቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤፍ ይዘራበት የነበረውን መሬት የለቀቀ ገበሬ አለ። በቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ መቶ ካሬ ሜትር የገዛች ሴት አለች። ሁለቱን ያገናኘ ደላላ አለ። የዶዘሩ ሹፌር አለ። በአጥሩ ላይ አበባ የተንዠረገገበት ቪላ አለ፤ የቪላው ዘበኛ ደግሞ ድሮ ያንኑ መሬት ያርስ የነበረ ሰው ነው።

የግጭት ፊልም ሠሪ ቢይዘው ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ጠዋት ሁሉንም አንድ ሜዳ ላይ ያሰባስባቸዋል። ሴትየዋ ግድግዳ ታቅፋ ታለቅሳለች፣ ደላላው በመኪናው ሊያመልጥ ሲል የዘበኛውን ልጅ ይገጫል፣ ሹፌሩ ከዶዘሩ ወርዶ ልጁን ያነሣል። ሙዚቃ። ሁላችንም እናነባለን። ከዚያ በፈረሰው ሰፈር አቋርጦ በሚያልፈው ታክሲ ተሳፍረን ቤታችን እንገባለን።

በምክንያት የሚያስተሳስረው ግን ከዚያ ጠዋት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይጀምራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ ለልማት ሲፈለግ ካሳ ተሰልቶለት ይነሣል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 የሰብል መሬቱን ካሳ የሚያሰላው በአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢ ተባዝቶ በ10 ነበር፤ ኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 አሳደገው። ልብ በሉ፤ የሦስት ሺህ ዓመት ምርት በአሥር ዓመት ምርት ታሰበ ማለት ነው! ገበሬው ነገ መነሣቱ እንደማይቀር እያወቀ፣ ዛሬ በደላላ በኩል የሚመጣለትን ገዢ ለምን እምቢ ይላል? ሴትየዋስ በሕጋዊው መንገድ በሊዝ ጨረታ ከሀብታም ጋር ተጫርታ መቼ ልትገዛ ነው? ስለዚህ ሁለቱ በጽሑፍ ይዋዋላሉ። ውሉ ፍርድ ቤት እንደማይቆም ሁለቱም ያውቃሉ። ቤቱ በሌሊት ይሠራል፤ የጨረቃ ቤት የተባለውም ለዚህ ነው። ሁለቱም አታላይ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ነው ሁለቱን ጎትቶ ያገናኛቸው። ያ ልዩነት ወደ ማን ኪስ ገባ የሚለውን ካሜራው በትዕግሥት ከተከተለ፣ ዶዘሩ ሳይመጣ በፊት ፊልሙ ግማሽ ደርሷል። የግድቡን ውኃ ሲከተል ደግሞ እኛው ዶርም ድረስ ሊመጣ ይችላል፤ ጠጥተነዋልና።

ይህን ስንነጋገር የሰበታው ወንድማችን እንደገና ተነሣ። «ወረቀትና የካሳ ስሌት ክር ካደረጋችሁ ሰዎቹ የት ገቡ?» አለ። እኛም የምርትን ንጋት አስታወስነው፦ ሴትየዋ አዲስ ቤቷ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና የምታፈላበትን ጠዋት ሙሉውን እናሳይ፤ እጣኑም ይጢስ፣ ጎረቤትም ይጠራ፣ ለታሪኩ ምንም አይጥቀም። ገበሬውም ካሳውን ተቀብሎ ባዶ በረት ፊት ሲቆም፣ መቀሱ ይታገሠው። እሺ አለ። በዚህ ተስማማን።

ያልተስማማነው በዶዘሩ ሹፌር ነው። ከኛ ገሚሶቹ ፊቱ መታየት የለበትም ይላሉ፤ እንደ ባለ መሬቱ ወንበር፣ ማሽኑ ብቻ ይበቃል፤ ፊቱን ካሳየን እናዝንለታለን፣ ካዘንን ደግሞ ማን እንደላከው መጠየቅ እንተዋለን። ሌሎቻችን ፊቱን ያልሰጠነው ሰው በኋላ ለፍርድ ስንፈልገው አናገኘውም ባዮች ነን። ክርክሩ እስከ ሌሊት ሄደ። በመጨረሻ አንዷ እህታችን አንድ ነገር ጠየቀችን፤ እስካሁን መልስ የሰጣት የለም፦ «ሥራውን ጨርሶ ማታ ሲመለስ፣ ሹፌሩ የሚያድርበት ቤት ካርታ አለው?»